«አሞቀልን» የተባለላት ቁራጭ ሽቦ

ወገኖቼ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሰዎች እንደ ድሮው ተከራይ ብቻ አይደለንም። ቤተ ክርስቲያኑም፣ መረዳጃ ማኅበሩም፣ ነጋዴውም አሮጌ ሕንፃ እየገዛ ነው፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ታዲያ ሕንፃ ሲገዛ ጣሪያው ይታያል፣ ምንጣፉ ይዳሰሳል፣ የመኪና ማቆሚያው ይቆጠራል፤ ምድር ቤት ወርዶ ቦይለሩን የሚያይ ግን ከስንት አንድ ነው። የእኔ እንጀራ ምድር ቤት ነውና የዛሬውን ዓምድ ለእርሱ ላውለው።

ባለፈው የብርድ ወራት እዚሁ ጀርመንታውን ውስጥ ወገኖቻችን የሚሰበሰቡበት አንድ አሮጌ ሕንፃ ዘንድ ተጠራሁ። አቤቱታው ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረን የሚል ነበር። ይህ ብዙም አላደከመኝ። የቦይለሩ መስመርና የወጥ ቤቱ ሶኬት አንድ ላይ ተገናኝተዋል፤ እናቶች ደግሞ በሶኬቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሰኩበታል። 1,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ120 ቮልት 12.5 አምፔር ይወስዳል። የቦይለሩ ፓምፕና የበርነሩ ማራገቢያ ሲጨመሩበት ባለ 20 አምፔር ብሬከር ቢወድቅ ምን ይደንቃል? የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ለማሞቂያው የራሱ መስመር ይኑረው የሚለው ያለ ነገር አይደለም።

ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ስከፍት፣ የቦይለሩ ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚቆርጠው መሣሪያ ሁለት ጫፎች መካከል፣ ጣት የማታህል ቁራጭ ሽቦ ተጋድማ አገኘኋት። መሣሪያው እንደሌለ ሆኗል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ይህችን ሽቦ ማን ነው ያስገባት?» ብዬ ሕንፃውን የሚጠብቁትን አዛውንት ጠየቅኋቸው።

«አንድ ጎበዝ ልጅ ነው፤ እግዜር ይስጠው። በጥምቀት ሰሞን እሳቱ እየጠፋ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጣን መጥቶ በአምስት ደቂቃ አሞቀልን። ገንዘብ እንኳ አልተቀበለንም።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ! ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራው ግን ክፉ ነው። ነገሩን ላስረዳ።

የቦይለር መቆጣጠሪያዎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ነው የሚሠሩት። ኤሌክትሪኩ ከዋናው ማጥፊያ ተነሥቶ ሙቀቱን ወይም ግፊቱን በሚለካው፣ ከልክ ያለፈውን በሚያግደውና ውሃውን በሚጠብቀው በኩል አልፎ ነው በርነሩና የጋዙ ቫልቭ ዘንድ የሚደርሰው። አንዱ «አይሆንም» ካለ እሳቱ ይጠፋል። ቁራጯ ሽቦ የአንዱን አፍ ዘጋችው። ውሃው አልቆ ብረቱ ቢግል፣ በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢገባበት፣ ውሃው ባንድ አፍታ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ውሃ ሲተን በተራ አየር ግፊት ወደ 1,600 እጥፍ ይሰፋል። «ይህ እኮ የማሞቂያ ቦይለር ነው፣ ግፊቱ ከ15 ፓውንድ አይበልጥም» የሚሉኝ አሉ። ከግሎ ብረት ጋር የተገናኘ ውሃ ይህን ቁጥር አይጠይቅም።

በእ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1905 ማሳቹሴትስ ውስጥ ብሮክተን በተባለች ከተማ በግሮቨር ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች አልቀዋል። ማሳቹሴትስ በ1907 ሕግ አወጣች፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም የመጀመሪያውን የቦይለር ደንብ በ1915 አሳተመ። ዛሬ «ቢሮክራሲ» እያልን የምናማው ደንብ የተጻፈው በሬሳ ላይ ነው።

ሩቅም መሄድ አያስፈልግ። በ2016 ነሐሴ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በፍላወር ብራንች አፓርትመንት በደረሰው የጋዝ ፍንዳታ ሕፃናት ጭምር ሰባት ሰዎች ሞተዋል። የፌዴራሉ መርማሪ ቦርድ የደረሰበት፣ በቆጣሪው ክፍል የነበረው የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ፣ ጋዙን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ቱቦም ሳይገናኝ ቀርቶ እንደነበር ነው። አንድ ያልተገናኘ ቱቦ!

ከአገር ቤት ሙያ ይዘው የመጡ ወንድሞች ደግሞ አንድ ነገር ይስሙኝ። ከተግባረ እድ ወይም ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የወጣ ሰው እጁ የተባረከ ነው፤ በዐይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን እዚያ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፣ እዚህ 120 ቮልት 60 ኸርዝ። ቀለሙም ይለያያል፦ በድሮው የእንግሊዝ ደንብ ጥቁር ሽቦ ኒውትራል ነበር፤ እዚህ ግን ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል ነው። መቁረጫ ሁሉ በፌዙ ላይ ይገባል። በኒውትራሉ ላይ ከገባ፣ ሽቦው ተልጦ የቦይለሩን ብረት በነካ ቀን ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ሌላ መመለሻ ያገኛል፤ መቁረጫው እሳቱን አጠፋሁ ሲል ቫልቩ እንደተከፈተ ይቀራል። ሙያው ካለ የቀረው ላይሰንሱ ነው። ሜሪላንድ የስቴሽነሪ ኢንጂነሮች ቦርድ አላት፣ ዲሲም የራሷን ፈቃድ ትሰጣለች። ፈተናው ቀላል ነው አልልም፤ ደመወዙ ግን ከታክሲ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ ጀርመንታውኑ ልመለስ። ሽቦዋን ነቅዬ አወጣሁ፤ ቦይለሩ ወዲያው ጠፋ። የማኅበሩ ሰብሳቢ መጡና «እንዲያው እስከ እሑድ ብቻ ብትተዋት? ሰው ጠርተናል፤ ሽማግሌና ሕፃን አለ» አሉኝ። ሽማግሌና ሕፃን ስላለ ነው የማልመልሳት አልኳቸው። ተቀየሙ። እሑድ ስብሰባው በካፖርትና በጋቢ ሆነ፣ እኔም ስሜ በመልካም አልተነሣም።

ማክሰኞ ላይሰንስ ያለው ድርጅት መጥቶ መሣሪያውን ሲፈታው ተንሳፋፊዋ በዝገትና በጭቃ ተይዛለች። ያ ሁሉ እሳት መጥፋት «እጠቡኝ» የሚል ልመና ነበር። በየሳምንቱ በቫልቩ ቆሻሻውን ቢያስወጡላት ኖሮ ልጁም ባልተጠራ ነበር። ባለ ላይሰንስ ኤሌክትሪሺያን ፐርሚት አውጥቶ ለቦይለሩ የራሱን መስመር ዘረጋ። ከበሩ ውጭ ያለው የአደጋ ማጥፊያም የድሮ ካርቶን ተደርድሮበት ነበርና ተጠርጎ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተጻፈበት። አዛውንቱ አሁን በየሰኞው ተንሳፋፊዋን አጥበው ቀኑን በደብተር ይጽፋሉ።

በየማኅበሩና በየአጥቢያው ያላችሁ የኮሚቴ አባላት፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ምድር ቤት ውረዱ። የስቴቱ የቦይለር ምርመራ ሠርተፍኬት ተሰቅሎ ከሆነ ቀኑን አንብቡ፤ የአደጋ ማጥፊያው የት እንዳለ ጠይቁ። ሳጥኑን ግን አትክፈቱ፤ እርሱ የባለሙያ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጭስ ማውጫውና ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ እጽፋለሁ።