«መጀመሪያ የማን እንደሆነ ይጠየቅ»

ሰሞኑን በአንድ የመገናኛ ብዙኃን ውይይት ላይ መድረኩን የያዙ ምሁር ስለተሰደዱ የጦር ዘጋቢዎች ተጠየቁ። «አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው የሚያወራው ያስጠጉትን ሰዎች ወሬ ነው፤ ዘገባውን ከማንበባችን በፊት የማን እንደሆነ ይጠየቅ» ሲሉ መለሱ። ምሳሌ ያምጡ ሲባሉ አውስትራሊያዊውን ዊልፍሬድ በርቼትን ጠሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ስማቸውን አልጠራም፤ እንዲህ የሚሉት እርሳቸው ብቻ ቢሆኑማ እኔም ዝም ባልኩ።

መርጠው መርጠው በርቼትን! የዚህን ሰው ታሪክ አንድ ገጽ ገልጦ ያየ ሰው ለእንዲህ ያለው ክርክር ምስክር አድርጎ አይጠራውም።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 በሩቅ ምሥራቅ የነበረው ጋዜጠኛ ሁሉ ጃፓን እጇን ስትሰጥ ለማየት ሚዙሪ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ይጋፋ ነበር። የለንደኑ ዴይሊ ኤክስፕረስ ዘጋቢ በርቼት ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ትንሿን የጽሕፈት መኪናውን አንጠልጥሎ ከቶኪዮ ባቡር ተሳፈረ። ባቡሩ የተሸነፉ የጃፓን ወታደሮችና ሰይፍ የታጠቁ መኮንኖች የታጨቁበት ነው። እርሱ ደግሞ የድል አድራጊው ወገን ሰው፣ ያውም ብቻውን። በማግስቱ ሂሮሺማ ደረሰ።

ሆስፒታል ገብቶ ያየውን ልንገራችሁ። ቦምቡ የወደቀ ዕለት ጭረት እንኳ ያልነካቸው ሰዎች ከሳምንታት በኋላ ወለል ላይ ተኝተዋል። ጸጉራቸው ይረግፋል፤ ከድዳቸውና ከአፍንጫቸው ደም ይፈሳል፤ ገላቸው ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ወጥቷል። ሐኪሞቹ በሽታውን አያውቁትም። ይጠቅማል ብለው ቫይታሚን ቢወጓቸው መርፌው የገባበት ሥጋ መበስበስ ይጀምራል። በርቼት ፍርስራሽ ላይ ተቀምጦ ይህንን ጻፈ፤ ጽሑፉ በሞርስ ወደ ቶኪዮ ተላከ። ሴፕቴምበር 5 ቀን ዴይሊ ኤክስፕረስ «የአቶሚክ መቅሰፍት» ብሎ በፊት ገጹ አወጣው።

የአሜሪካ ጦር ምን አለ? ቶኪዮ ላይ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ሰዎቹ የሞቱት በፍንዳታውና በቃጠሎው ነው፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው አለ። በርቼት ተነሥቶ በዓይኑ ስላያቸው ሕመምተኞች ቢጠይቅ፣ የጃፓን ፕሮፓጋንዳ ሰለባ ሆነሃል ተባለ። የዘጋቢነት ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ካሜራው ከነፊልሙ ጠፋ። እንግዲህ የእኛ ምሁር ጥያቄ ያኔውኑ ተጠይቆ ያኔውኑ ተመልሷል ማለት ነው። ሰውየው «የማን ነው?» ተባለ፤ «የጃፓን» ተባለ፤ አለቀ። ሕመምተኞቹ ግን መሞታቸውን አላቋረጡም።

ስደቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ምሁሩ ደግሞ የሚያውቁት ይህንን ክፍል ብቻ ይመስላል። በርቼት የኮሪያንና የቬትናምን ጦርነት ከኮሚኒስቶቹ ወገን ሆኖ ዘገበ። በ1955 ፓስፖርቱ ሲጠፋ የአውስትራሊያ መንግሥት ምትክ አልሰጥም አለ። በውጭ አገር የወለዳቸውን ልጆቹንም በዜግነት አልመዘግብም አለ። በ1969 አባቱ ሲሞት ለቀብር እንኳ እንዳይገባ ከለከለው። በዓመቱ አየር መንገዶች አናሳፍርም ሲሉት በተከራየ ትንሽ አውሮፕላን ከኑሜያ ተነሥቶ ብሪስቤን አረፈ። ፓስፖርት ያገኘው በ1972 የዊትላም መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሃዲ ሲሉት የኖሩት ሰዎች የስለላ መሥሪያ ቤትም ዐቃቤ ሕግም ነበራቸው፤ አንድም ክስ ግን ፍርድ ቤት አላቀረቡበትም።

«አገሩን ጥሎ የወጣ» ማለት ይህ ከሆነ ቋንቋችን መላ ሊፈለግለት ይገባል። ደጁን የዘጋው ማን ሆነና!

አውቃለሁ፣ «ሰውየው እኮ የኮሚኒስቶች ወዳጅ ነበር» ትሉኛላችሁ። ነበር። በምሥራቅ አውሮፓ ስለተካሄዱት የይስሙላ ችሎቶች የጻፈው የሚያሳፍር ነው፤ ክመር ሩዦችንም መጀመሪያ አሞካሽቶ ያወገዛቸው ዘግይቶ ነው። እንደ ልባችሁ ንቀፉት። ነገር ግን እነዚህ ጽሑፎቹ ሐሰትነታቸው የታወቀው በማስረጃ ተመርምረው ነው፤ ፓስፖርት የሌለው ሰው ስለጻፋቸው ብቻ ሐሰት የሆነ ቃል የለም። የሂሮሺማውም ዘገባ ያንኑ ምርመራ አልፎ እውነት ሆኖ ቆሟል። የጨረር በሽታን ዛሬ የሚክድ ሐኪም አምጡልኝ።

እስቲ ደግሞ ያልተሰደደውን፣ ፓስፖርቱ ያልጠፋበትን፣ የተከበረውን ጋዜጠኛ እንይ። የኒውዮርክ ታይምሱ ዊሊያም ሎረንስ ናጋሳኪ ስትመታ አጅበው ከሄዱት አውሮፕላኖች በአንዱ ላይ ነበር። የበርቼት ዘገባ በወጣ በሳምንቱ ሎረንስ ስለ ጨረር የሚወራው የጃፓኖች ፕሮፓጋንዳ ነው የሚለውን የጦር መኮንኖች ቃል ተቀብሎ አስተጋባ። ይህ ሰው ለጋዜጣው እየጻፈ ከአሜሪካ የጦር ሚኒስቴርም ይከፈለው ነበር። በ1946 የፑሊትዘር ሽልማት ወሰደ፤ ሽልማቱ እስከ ዛሬ አልተነጠቀም። ታዲያ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእርሱ ጊዜ የት ሄዶ ነበር? ጥያቄው የሚወጣው ደሞዙን ከመንግሥት ለሚቀበለው ሳይሆን መንግሥት ለተቀየመው ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህንን፤ ዘገባውን መርታት ሲያቅት ዘጋቢውን መደብደብ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ለመሰላችሁ አንባቢዎች የራሳችንን ላንሣ። በ1935 እና 1936 የለንደኑ ታይምስ ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር የፋሺስት አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ እንደሚያዘንቡብን ለዓለም ተናገረ። ኢጣሊያኖች አዲስ አበባን እንደያዙ በፀረ ኢጣሊያ ፕሮፓጋንዳ ወንጅለው አባረሩት። ገለልተኛ ነበር ወይ? የለም! ወገናችን ነበር፤ ያውም በይፋ። ጃንሆይ የልጁ የክርስትና አባት ናቸው። በ1940 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሆኖ ሱዳን መጥቶ ለአርበኞች የሚበተነውን «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ አሳትሟል። በምሁሩ ሚዛን ይህ ሰው ከበርቼት ቢብስ እንጂ አይሻልም።

እንግዲህ መድረክ ላይ ወጥተው ይንገሩን፦ ስቲር የማን እንደነበር አውቀናል፤ ታዲያ ጋዙ አልነበረም? ያቃጠለው ገላ፣ ያሳወረው ዓይን ፈጠራ ነበር? አያቶቻችን ሲነግሩን የኖሩትንስ ፕሮፓጋንዳ ነው እንበል?

ስቲር በ1944 ሞተ። የኢጣሊያ መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በመከላከያ ሚኒስትሩ አንደበት ያመነው በ1996 ነው።