መጠየቅ የልጅ ብቻ አይደለም



ማታ ራት ከተበላ በኋላ በብዙዎቻችን ቤት አንድ ነገር ይታያል። የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጅ ደብተሩን ዘርግቶ የሳይንስ ትምህርቱን ይከልሳል። አባትና እናት ደግሞ ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዙረው ይሞቃሉ። ቀድሞ ፊደል ስላልለየን ነው እንል ነበር። አሁን ግን ፊደል ለይተናል። ታዲያ ያን ደብተር ምን ያስፈራናል?

እኔ የምለው ይህ ነው። ከልጃችሁ ጎን ተቀመጡና አብራችሁ ከልሱ። ክለሳው ልጁን ለፈተና ይጠቅመዋል። ከዚያ ይልቅ ግን ማሳችሁን ይጠቅማል። ለምን ቢባል፣ በደብተሩ የተጻፈው ስለ ውሃ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ አየር፣ ስለ ድንጋይና ስለ አፈር ነው። ከእነዚህ ጋር ውሎ የሚያድር ማን ነው? እናንተ አይደላችሁም? እናንተ ነገሩን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። መጽሐፉ ደግሞ ምክንያቱን ይነግራችኋል። ሁለቱ ሲገናኙ ዕውቀት ይሞላል።

ከጓዳ እንጀምር። ደጋ ላይ ባቄላ ለመቀቀል ብዙ እንጨት ይፈጃል። ቆላ ላይ ግን ቶሎ ይበስላል። ለምን ይመስላችኋል? አየር ክብደት አለው፤ ከላያችን ሆኖ ይጫነናል። በባሕር ዳርቻ ከበላይ ያለው አየር ብዙ ስለሆነ ጫናው ይበረታል። እዚያ ውሃ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ አይፈላም። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር ያንሳል፤ ጫናውም ይላላል። ከፍታው 300 ሜትር ያህል ሲጨምር ውሃው የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነው በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ስለዚህ ድስቱ እየተንተከተከ ባቄላው ጥሬ ቢሆን አይግረማችሁ። ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ይህን ያወቀች እመቤት ባቄላውን ከማታው ትዘፈዝፋለች። ድስቱን ደህና አድርጋ ትከድናለች። ሲፈላ እሳቱን ትቀንሳለች። እንጨት ይተርፋል፤ የሸክሙም ድካም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ከሜዳ ነው። በክረምት መብረቅ ሲበርቅ ብልጭታውን አስቀድመን እናያለን፤ ነጎድጓዱን ግን ቆይተን እንሰማለን። ሁለቱ የተነሡት አንድ ላይ ነው። ብርሃን በ1 ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ድምፅ ግን በ1 ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚሄደው። እንግዲህ ብልጭታውን ስታዩ በዝግታ ቁጠሩ። እስከ 3 ቆጥራችሁ ነጎድጓዱን ከሰማችሁ፣ መብረቁ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የራቃችሁ። 30 ሳትደርሱ ከሰማችሁም አደጋው ቀርቧል። እርሻውን አቁማችሁ ከሜዳው ወደ ቤት ግቡ። ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር ግን አትጠለሉ። መብረቅ ብዙ ጊዜ የሚመታው ከፍ ብሎ የቆመውን ነውና። ይህ ትምህርት እረኛ ልጅን ከሞት ያድናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ አፈሩ።

የደጋችን ጥቁር ድንጋይ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ ቀልጦ ወጥቶ የፈሰሰ ነው። ያ ድንጋይ ቀዘቀዘ። የቀን ሙቀትና የሌሊት ብርድ ሰነጠቀው። ውሃ ገባበት፤ የእንጨት ሥር ፈለቀቀው፤ ቅጠል በስብሶ ተቀላቀለበት። እንዲህ እያለ አፈር ሆነ። 1 ሣንቲ ሜትር አፈር እስኪሠራ በመቶ የሚቆጠር ዓመት ያልፋል። ጎርፍ ግን ያንኑ በጥቂት ክረምት ጠርጎ ይወስደዋል። አያቶቻችን ያረሱት አፈር ዛሬ ድንጋዩ ያገጠጠበት ስንት ተዳፋት አለ!

ጎርፍ ይህን ሁሉ ኃይል ከየት አመጣው? መልሱ በዚያው ደብተር አለ። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ኃይል አለው። ፍጥነቱ 2 እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 2 እጥፍ አይደለም፤ 4 እጥፍ ነው። ፍጥነቱ 3 እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 9 እጥፍ ይሆናል። ይህችን አንዲት ነገር ያዙልኝ። ቁልቁል የወጣ ትልም ለጎርፉ ጥርጊያ መንገድ ነው። ውሃው እየፈጠነ ይወርዳል፤ በፈጠነ ቁጥርም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። እርከን ግን ፍጥነቱን ይሰብራል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ያን ጊዜ ውሃው የተሸከመውን አፈር እያስቀመጠ ያልፋል። እርከን አግድም የሚሠራው፣ የመጨረሻው እርሻም አግድም መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

በቃል ብቻ አትመኑኝ፤ ሞክሩት። ሁለት አሮጌ ትሪ አምጡና አፈር ደልድሉባቸው። አንዱን እንዲሁ ተዉት። በሌላው ላይ ገለባ ጎዝጉዙ። ሁለቱንም እኩል አዘንብሉ። በተበሳሳ ጣሳ እኩል ውሃ አዝንቡባቸው። ከሥር የሚወርደውን በሁለት ብርጭቆ ተቀበሉ። የትኛው ደፈረሰ? መልሱን ከልጃችሁ ጋር ሆናችሁ ተናገሩ።

እዚህ ላይ እናንተም ለመጽሐፉ የምትመልሱለት አለ። መረሬ አፈር ውሃ አያሳልፍም። ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ናቸውና። በመረሬ ላይ ውሃ ዝም ብሎ ቢቆም ሰብሉ ይታፈናል። ስለዚህ እዚያ ትርፉን ውሃ በቀስታ የሚያወጣ፣ እምብዛም ያላዘነበለ ቦይ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ማሳውን ያረሰ ሰው ነው። ክለሳ ማለት የተጻፈውን እንደ ዳዊት መድገም አይደለም፤ ከማሳችሁ ጋር ማመሳከር ነው።

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ግንዱን ብቻ መች ሆነና! በክረምት ውሃው የሚቀላው በደጋው አፈር ነው። ያ አፈር ለብዙ ዘመን ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ወረደ። አሁን ደግሞ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የህዳሴ ግድብ ውስጥ ብዙው ደለል ሆኖ ይተኛል። እናንተም ትከስራላችሁ፤ ግድቡም የውሃ ቦታውን ለደለል ይለቃል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሰው ማሳ ብቻ አይደለም። ከላይ ያለው ጎረቤት እርከን ካልሠራ፣ ከታች ያለው ሰው የሠራውን ጎርፍ ያፈርስበታል። ለዚህ ነው ይህ ትምህርት በአንድ ቤት ብቻ ሳይቀር በመንደር መነገር ያለበት።

አንዳንዶች “መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኛ ምን እናውቃለን?” ትሉ ይሆናል። ጥሩ፤ ልጁ በአማርኛ ይንገራችሁ። ለሌላ ሰው ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ ትምህርቱን ገና አልያዘውም ማለት ነው። እናንተ “ለምን?” ባላችሁት ቁጥር ልጁ ይጠነክራል። “ከልጅ መማር ያሳፍራል” የሚልም አለ። ከልጅ መማር አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ለልጅ የሚተላለፈው አፈር በዓይናችን እያየን ሲሄድ ዝም ማለት ነው። “ጊዜ የለንም” ለሚለውም መልስ አለኝ። በሳምንት ሦስት ማታ፣ በየማታው ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እናንተም የራሳችሁን ደብተር ያዙ። ያን ማታ ከተረዳችሁት አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፉበት። ፊደሉም እንዳይረሳችሁ ይረዳል።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ብለው አባቶቻችን አስተምረውናል። እንግዲህ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ደብተሩን ሲዘረጋ ፊታችሁን ወደ እሱ አዙሩ። “ጎርፍ ለምን አፈር ይወስዳል?” ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በማግስቱ አብራችሁ ማሳው ላይ ውጡ።