ሁለተኛው ዲስክ ከሳጥኑ ውጭ ይቀመጥ

ናስ ከራውተር ጋር ተያይዞ የቤተሰቡን ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ የሚይዝ ትንሽ ሳጥን ነው። ብዙ ሰው ሁለት ዲስክ የሚይዘውን ይገዛና ለጊዜው አንዱን ቦታ ብቻ ይሞላል። ባዶው ቦታ ግን ባለቤቱን መጎትጎቱ አይቀርም። ገንዘብ ሲገኝ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ይገባበታል፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ተብሎም ነገሩ ያለቀ ይመስላል። እኔ ግን አልስማማም። ለአንድ ተጨማሪ ዲስክ ብቻ አቅም ያለው ቤተሰብ ዲስኩን ሳጥኑ ውስጥ ከሚያስገባው ከሳጥኑ ውጭ ቢያስቀምጠው ይሻለዋል።

ዲስኩ ገብቶ የሳጥኑ ማስተካከያ ገጽ ሲከፈት በዋናነት ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው የሁለቱን ዲስኮች ቦታ መደመር ነው። ሬይድ 0 በሚባለው አሠራር ፋይሎች ተቆራርጠው በሁለቱም ላይ ስለሚበተኑ አንዱ ዲስክ ሲሞት የሌላውም ይዘት አብሮ ይጠፋል፤ ለቤተሰብ ማኅደር የሚሆን ነገር አይደለም። ሁለተኛው ምርጫ ሬይድ 1 ነው፤ በአንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ወዲያው በሌላውም ላይ ይጻፋል። እዚህ ላይ የሚወስነው ትንሹ ዲስክ ነው፦ ባለ 4 ቴራባይቱ ላይ ባለ 8 ቢጨመር የሚገኘው ቦታ ያው 4 ነው። አዲስ የገባው ዲስክ ቀድሞ የያዘው ነገር ካለ ይደመሰሳል፤ ማስጠንቀቂያው በስክሪኑ ላይ ቢመጣም ሳያነብ «እሺ»ን የሚጫነው ብዙ ነው። ቅጂው በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሄድ እንኳ 4 ቴራባይት ለመገልበጥ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህን ያለ መጠባበቂያ ባትሪ (ዩፒኤስ) መጀመር ደግሞ አደጋ አለው።

ሬይድ 1 የራሱ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 የበርክሌይዎቹ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ሬይድ የሚለውን ስም ያስተዋወቀውን ጥናት ሲያቀርቡ ካሳሰቧቸው ነገሮች ዋናው ርካሽ ዲስኮች በብዛት ሲገጣጠሙ የብልሽት ዕድሉ መጨመሩ ነበር። መልሳቸውም ለዚሁ ነው፦ አንድ ዲስክ ቢሞት ሥራው እንዳይቆም። ይሁንና የቤት ውስጥ መረጃ የሚጠፋው በዲስክ ብልሽት ብቻ ነው? እጅግ ብዙ ዲስኮች የሚያንቀሳቅሰው ባክብሌዝ የተባለው ኩባንያ ለ2024 ያወጣው ዓመታዊ የብልሽት መጠን 1.57 በመቶ ነው። ሙቀትና አቧራ ባለበት ቤት ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ቢሆንም አብዛኛው ዲስክ ዓመቱን በሰላም ያልፋል፤ ሌሎቹ አደጋዎች ግን ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን አይጠይቁም። ልጅ በስልኩ የሠርጉን ፎልደር ቢያጠፋ ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሁለቱንም ይቆልፋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚገባው ከፍተኛ ቮልቴጅ ሁለቱንም ያቃጥላል፤ ሌባም ሳጥኑን አንስቶ ሲሄድ አንዱን ዲስክ አይተውልንም።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የሰኔ 2021 ክስተት ነው። ዌስተርን ዲጂታል ኩባንያ ማይ ቡክ ላይቭ የተባለውን የቤት ማከማቻ ማዘመን ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር፤ የመጨረሻው የሶፍትዌር ማሻሻያ የወጣው በ2015 ነው። ሰርጎ ገቦች በኢንተርኔት በኩል በብዙ ሰው ቤት ያሉትን ሳጥኖች ከፋብሪካ እንደወጡ ወዳሉበት ሁኔታ መለሷቸው፤ የዓመታት ፎቶና ሰነድም ጠፋ። ከተጠቁት መካከል ሁለት ዲስክ የሚይዘው ማይ ቡክ ላይቭ ዱዎ ይገኝበታል። ትእዛዙ የደረሰው ለሳጥኑ በመሆኑ የዲስኩ መደገም የሚያድነው ነገር አልነበረም።

«ዘመናዊዎቹ ሳጥኖች እኮ የፋይሎቹን የቀድሞ ሁኔታ መዝግበው ስለሚይዙ የጠፋውን መመለስ ይቻላል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እነዚህ መዝገቦች በስህተት ለጠፋ ፋይል ፍቱን ናቸው። ግን እነሱም የሚኖሩት እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ የሚለውም መልካም ሐሳብ ነው፤ ሆኖም በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 4 ቴራባይት ለመጫን 37 ቀን ያህል ያለማቋረጥ መላክ ይጠይቃል፤ ወርሃዊ ክፍያውም አያልቅም። ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሬይድ 1 ማንም ሳያስታውሰው ይሠራል፣ መሳቢያ ውስጥ ያለ ዲስክ ግን ይረሳል። ይህን አልክድም። ነገር ግን የወር አሮጌ ቅጂ ያለው ሰው ቢበዛ የአንድ ወር ፎቶ ያጣል፤ ሁለቱም ዲስኮቹ አብረው የጠፉበት ሰው ሁሉንም ያጣል። ሥራ ለአንድ ሰዓት እንኳ መቆም ለሌለበት ቢሮ ሬይድ 1 ይቅደም። ቤተሰብ ግን ፎቶውን ሁለት ቀን ዘግይቶ ቢያገኘው ምንም አይሆንም።

ስለዚህ ለሁለተኛው ዲስክ የዩኤስቢ መያዣ ግዙለት። በወር አንድ ጊዜ ከናሱ ጋር አገናኝታችሁ ገልብጡ፣ በይለፍ ቃል ቆልፉት፣ ከዚያ ነቅላችሁ እህት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። አልፎ አልፎም ጥቂት ፋይሎች ከፍታችሁ በትክክል መገልበጣቸውን አረጋግጡ፤ ተሞክሮ ያልታየ ቅጂ እምነት አይጣልበትም። ባዶውን ቦታ የምትሞሉት ለሦስተኛ ዲስክ ገንዘብ ስታገኙ ነው።