በወጣቶች ጉበት ስለሚሸሸግ ደዌ
ግልጽ ደብዳቤ፤ ለኢትዮጵያ የጤና ሚኒስቴር

ክቡራን ሆይ፤

በሰፈራችን ያለ የ17 ዓመት ብላቴና፣ ከትምህርት ቤት በተመለሰ ቁጥር ቀበቶውን ፈትቶ፣ እጁን ከቀኝ ጎድኑ በታች ጭኖ ይተኛ ነበርና፣ እኛ ጎረቤቶቹ «ጨጓራ ነው» ስንል፣ ሐኪምም የጨጓራ ክኒን ሲያዝለት ወራት አለፉ፤ በኋላ ግን እናቱ ሆዱን በቅቤ ስታሸው ከመዳፏ በታች የጠጠረ ነገር አገኘች። ደሙ ተመርምሮ የሄፓታይተስ ቫይረስ እንዳልተገኘበት፣ አልፋ ፌቶፕሮቲን የሚባለውም የካንሰር ምልክት ከልኩ እንዳላለፈ በተነገረ ጊዜ፣ ቤተሰቡ «ተመስገን» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ያለ ጊዜው የቀረበ ምስጋና ነው።

ብላቴናውን የያዘው ፋይብሮላሜላር የተባለው የጉበት ካንሰር፣ ኤድመንድሰን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 በአንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ላይ አይቶ የጻፈው፣ መጠጥም ሆነ ቫይረስ ጉበታቸውን ያልነካባቸውን ወጣቶች የሚይዝ፣ ያንንም የደም ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከፍ የማያደርግ ደዌ ስለ ሆነ፣ ለሌላው የጉበት ካንሰር የተዘረጋው መረብ አይዘውም። በሲቲ ስካንና በአልትራሳውንድም ጉዳት የሌለው እብጠት መስሎ ሊያታልል ይችላል። እውነቱ የሚገለጸው ከዕጢው ቁራሽ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ትልልቅ ሕዋሳት በድርብርብ የጅማት ክር ተከበው ሲገኙ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2014ም፣ በ12 ዓመቷ በዚሁ ደዌ ተይዛ በቀዶ ሕክምና የዳነችው ኤላና ሳይመን ከሊቃውንት ጋር ሆና 15 ዕጢዎችን ስትመረምር፣ ሁለት ጂኖች በመካከላቸው ያለው የዲኤንኤ ክፍል ተቆርጦ እርስ በርስ መጋጠማቸው በ15ቱም ታይቷል፤ ስለዚህ ናሙናው በእጅ ካለ ደዌው የሚሸሸግበት ስፍራ የለውም።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው፦ ለጤና ባለሙያዎች በሚሰጠው መመሪያ፣ የሆድ ሕመሙ ያልለቀቀው ወጣት ሁሉ አልትራሳውንድ እንዲታይ፣ በጉበቱ ዕጢ የተገኘበትም የደሙ ውጤት መልካም ነው ተብሎ እንዳይሰናበት፣ ይልቁንም ሳይዘገይ ወደ ቀዶ ሐኪምና ወደ ፓቶሎጂ ሐኪም እንዲላክ ይታዘዝ፤ ዋናው ተስፋ ዕጢው ሳይሠራጭ ተቆርጦ መውጣቱ ነውና። ደዌው ብርቅ ነው ቢባል፣ ለወለደችው እናት ልጇም ብርቅ ነው።

የሰፈራችን ብላቴና ወደ ቀዶ ሐኪም የደረሰው፣ ዕጢው ከጉበቱ አልፎ በሆዱ ከተሠራጨ በኋላ ነበር።

በታላቅ አክብሮት፤
አንድ ጎረቤት