የለገሃር ጣቢያና አዲሱ ሥራው
«ለገሃር» የምንለው ስም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም ጣቢያ ማለት ነው። ባቡር አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ቢገባም ሕንጻው የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። አሮጌው ባቡር ቆሞ በ2009 ዓ.ም. የኤሌክትሪኩ ሲመረቅ ግን የመንገደኛው ጣቢያ ለቡ ሆነ።

እንግዲህ መንገደኛ የራቀው ጣቢያ ምን ይሁን? የፓሪሱ ኦርሴ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1900 ተከፍቶ፣ መድረኩ ለረዣዥም ባቡሮች ስላጠረ በ1939 የሩቅ አገር መንገደኛ ቀረበት። ሊያፈርሱትም አስበው ነበር፤ በ1986 ግን የሥዕል ሙዚየም ሆነ። ከመፍረስ ያተረፈው ሕግ ነው፤ ነፍስ የዘራበት ግን አዲሱ ሥራው ነው።

ለገሃርም የባቡሩ መዛግብትና የሠራተኞቹ ትዝታ የሚታዩበት ቤት ቢሆን ተማሪው የአገሩን ታሪክ በዓይኑ ያያል። ሕንጻ ማደስ ግማሽ ሥራ ነው፤ ሰው የሚገባበትን ምክንያት መስጠት ቀሪው ነው።