ስሙ ተሸጠ፣ ቶርኖው ቀረ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1905 የፒትስበርግ ፓይሬትሱ ኮከብ ሆነስ ዋግነር ሉዊቪል ከሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ጋር ውል ተፈራረመ። ውሉ ስለ ጨዋታ አልነበረም፤ ፊርማው በቤዝቦል ዱላ ላይ እንዲታተም መፍቀዱ ነበር። ዋግነር ዱላውን አይጠርበውም፣ አይሸጠውም፤ ስሙን ብቻ አከራየ።

ስለዚህ ድርጅት፣ ስለ ሂለሪክ ቤት፣ ሲወራ የእንጨቱ ጥራትና የባለሙያው እጅ ይወደሳል። እኔ ግን ይህ ቤት የከበረው በስም ነጋዴነቱ ነው ባይ ነኝ።

አባትየው ጄ. ፍሬደሪክ ሂለሪክ ከጀርመን በልጅነቱ የመጣ ሰው ነው። በ1850ዎቹ ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል ላይ በከፈተው ሱቅ የአልጋ እግርና የደረጃ መደገፊያ በቶርኖ ያወጣ ነበር። እንጀራዬ ብሎ የያዘው እየተወዛወዘ የሚንጠውን የቅቤ መናጫ እንጂ ዱላን አልነበረም። አይፈረድበትም፤ ቅቤ የማይፈልግ ቤት የለም።

ዱላውን የወደደው ልጁ በድ ነው። በ1884 የሉዊቪሉ መቺ ፒት ብራውኒንግ ዱላው ሲሰበርበት በድ ወደ ሱቁ ወስዶ አዲስ ቀረጸለት፤ በማግስቱም ሦስት ጊዜ አሳምሮ መታ ይባላል። የመጀመሪያው ዱላ የተሠራው ለአርሊ ሌታም ነው የሚል ሌላ ወሬም አለ። ድርጅቱ የያዘው የብራውኒንግን ነው። ቢይዝ ምን ይገርማል? ብራውኒንግ የከተማው ተወላጅ፣ ሌታም የሴንት ሉዊስ ተጫዋች። በ1894 «ሉዊቪል ስለገር» የንግድ ምልክት ሆኖ ሲመዘገብ ለስሙ የሚስማማ አፈ ታሪክ ተገኘለት ማለት ነው።

በ1911 ፍራንክ ብራድስቢ የተባለ የሽያጭ ሰው መጣ። እንጨት ሠሪ አልነበረም፤ ነገር ግን በ1916 ድርጅቱ «ሂለሪክና ብራድስቢ» ተባለ። ቶርኖ ያልጨበጠ ሰው ስሙ ከመሥራቹ ቤተሰብ ስም ጎን መቀመጡ የገንዘቡ ምንጭ የት እንደነበረ ይናገራል። የዋናው ሊግ ተጫዋቾች ጥቂት ናቸው፤ በየሰፈሩ ሜዳ የሚጫወተው ልጅ ግን ስፍር ቁጥር የለውም፤ እሱ ደግሞ የሚገዛው የጀግናውን ፊርማ ነው።

እንጨቱ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ቴድ ዊልያምስ ፋብሪካው ድረስ እየሄደ ጅማቱ የሚስማማውን እንጨት ራሱ ይመርጥ ነበር። የአሽ ዛፍ እንጨት አንዱ ጎኑ ላይ ጅማቱ ሰፍቶ ይታያል፤ ማህተሙ የሚቃጠለው እዚያ ላይ ነው። መቺው ማህተሙን ወደ ሰማይ አድርጎ ሲይዝ ኳሷ ጅማቱ ጥቅጥቅ ብሎ የተደረደረበትን ጠንካራ ጎን ታገኛለች። እናም ያ ጽሑፍ ማስታወቂያም ነው፣ የአያያዝ መመሪያም ነው። ይህን የመሰለ ብልህ ማስታወቂያ አላውቅም። ይሁን እንጂ ደህና እንጨት መርጦ በቶርኖ ማውጣት ሌሎችም ይችሉ ነበር፤ የዋግነር ፊርማ ግን በሌላው እጅ አልነበረም።

በ1970ዎቹ የአሉሚኒየም ዱላ ሲመጣ ቤቱ የተናጋው ከዚሁ ከልጆቹ ገበያ ወገን ነው። ዋናው ሊግ ዛሬም ከእንጨት አልወጣም። ልጆቹና ኮሌጆቹ ግን በቶሎ የማይሰበረውን ብረት መረጡ። ድርጅቱም የብረት ዱላ ይዞ ገበያ ገባ፤ እዚያ ግን የሚጠብቀው የቶርኖ ሳይሆን የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ውድድር ነበር፤ ተፎካካሪዎቹም ትልልቅ ነበሩ።

በ2015 የሂለሪክ ቤተሰብ «ሉዊቪል ስለገር» የሚለውን ምልክት ለዊልሰን ኩባንያ በ70 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ፋብሪካውንና ሙዚየሙን አልሸጠም። የእንጨት ዱላውን ዛሬም እዚያው ሉዊቪል ውስጥ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ለዊልሰን ነው፤ በዱላው ላይ የሚያትመውም የሌላ ድርጅት ንብረት የሆነውን ስም ነው።