ለአንድ መሣሪያ ብቻ የተባለ ጨዋታ እስከ መቼ ለአንድ ብቻ ሆኖ ይኖራል?

የብቸኛ ወኪልነት መብት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለነጋዴ ማስረዳት ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቆጠራል። አንድ ዕቃ በአንድ ነጋዴ እጅ ብቻ ሲገኝ ገዢው ወደዚያው ሱቅ መምጣቱ ግድ ነው፤ ከመጣም በኋላ እግረ መንገዱን ሌላውንም ዕቃ ይገዛል። የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ወይም ኮንሶል የሚሠሩት ሦስቱ ታላላቅ ኩባንያዎች፣ ይኸውም የጃፓኖቹ ኒንቴንዶና ሶኒ፣ እንዲሁም የአሜሪካኑ ማይክሮሶፍት፣ ገበያቸውን ለብዙ ዘመን ያቆሙት በዚሁ ዘዴ ነው። አንድ የተወደደ ጨዋታ በእነርሱ መሣሪያ ላይ ብቻ እንዲሠራ ያደርጋሉ፤ ጨዋታውን የፈለገ ሰው መሣሪያውን ይገዛል፤ መሣሪያውን የገዛውም ሰው ለዓመታት ሌሎች ጨዋታዎችን እየገዛ የዚያው ኩባንያ ደንበኛ ሆኖ ይኖራል።

ታዲያ ይህ ብቸኝነት ዘላቂ ነውን? ወይስ ጨዋታው ውሎ አድሮ ወደ ተቀናቃኙ መሣሪያ መሻገሩ አይቀርም? ጥያቄው የልጆች ክርክር ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ኮንሶል የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ዲስክ በመደርደሪያው የሚደረድር ባለሱቅ፣ በሰፈሩ የፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቶ በሰዓት ወይም በጨዋታ ልክ ሒሳብ የሚቀበል ሰው፣ ሁሉም ገንዘባቸውን በዕቃ ላይ የሚያውሉት ይህን ጥያቄ አውቀውም ሆነ ሳያውቁ በልባቸው ከመለሱ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብቸኝነቱ በመጀመሪያ የተመሠረተው በቁልፍና በውል ነበር። ኒንቴንዶ በ1985 መሣሪያውን ለአሜሪካ ገበያ ሲያቀርብ፣ ከኩባንያው ፈቃድ ያላገኘ ጨዋታ እንዳይሠራ የሚከለክል ልዩ ቺፕ በውስጡ አኖረ። ፈቃድ ያገኙትንም ጨዋታ ሠሪዎች ያንኑ ጨዋታ ለሁለት ዓመት ያህል ለሌላ መሣሪያ እንዳያቀርቡ በውል ያስገድዳቸው ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ውሉ ራሱ የዕድሜ ገደብ ያለው መሆኑ ነው። በዚህ ንግድ ሁለት ዓመት ረዥም ጊዜ ስለሆነ፣ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ቢሻገርም ዋናው ትርፍ አስቀድሞ ተሰብስቧል። እንግዲህ ገና ከጥንቱ ብቸኝነት የተሸጠው በርስትነት ሳይሆን በኪራይ ነበር ለማለት ይቻላል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጨዋታውን ከአንዱ ቤት አስወጥቶ ወደ ሌላው የሚወስደው ጠብ ሳይሆን የዕቃው መያዣ ነው። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፋይናል ፋንታሲ የተሰኙትን ተከታታይ ጨዋታዎች ከ1987 ጀምሮ ለኒንቴንዶ ሲሠራ ቆየ። ሰባተኛው ክፍል ግን በ1997 በሶኒ ፕሌይስቴሽን ወጣ። ምክንያቱም ኒንቴንዶ አዲሱን መሣሪያውን የሠራው ካርትሪጅ በሚባለው መያዣ እንዲጫወት አድርጎ ሲሆን፣ የዚህ መያዣ ትልቁ እንኳ ከ64 ሜጋባይት የሚበልጥ አይችልም ነበር፤ ሶኒ የተጠቀመበት ሲዲ ግን ከ600 ሜጋባይት በላይ ይይዛል፤ ጨዋታውም ሦስት ሲዲ ሙሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ ለኒንቴንዶ ታላቅ ጉዳት ሆነ። ይሁን እንጂ ያው ጨዋታ በ2019 በኒንቴንዶ ስዊች ላይ ለሽያጭ ቀረበ። መሻገሩ አልቀረም፤ ግን 22 ዓመት ፈጀ። በ1997 በጨዋታው ምክንያት ፕሌይስቴሽን የገዛ ወጣት በዚህ ጊዜ የልጆች አባት ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የሴጋ ታሪክ ነው። ሴጋ በ1991 ሶኒክ የተባለውን ሰማያዊ ጃርት የፈጠረው ለሌላ ነገር ሳይሆን የኒንቴንዶን ማሪዮ እንዲገጥም ነበር። ለብዙ ዓመታት የሁለቱ ፉክክር የሁለት ሠራዊት ጦርነት ይመስል ነበር፤ ማሪዮን የወደደ ሶኒክን ይንቃል፣ ሶኒክን የወደደም እንዲሁ። ነገር ግን የሴጋ የመጨረሻው መሣሪያ ድሪምካስት በ1998 በጃፓን ከወጣ በኋላ የሶኒን ሁለተኛ ፕሌይስቴሽን ሊቋቋም ስላልቻለ፣ ኩባንያው በጥር 2001 መሣሪያ መሥራቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ዓመቱ ሳያልቅ ሶኒክ በኒንቴንዶ መሣሪያ ላይ ሲሮጥ ታየ። በ2007ም ማሪዮና ሶኒክ በአንድ የኦሎምፒክ ጨዋታ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰለፉ። መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ መሣሪያውን ሲተው በእጁ የሚቀረው ሀብት ጨዋታው ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ሀብት ለትናንት ጠላቱ ቤት ማከራየቱ ነውር የለበትም፤ ነጋዴ የሆነ ሁሉ የሚያደርገው ነውና።

የካፕኮም ጉዳይ ግን ለገዢው እጅግ የሚመር ነው። ይህ የጃፓን ኩባንያ በኅዳር 2002 አምስት አዳዲስ ጨዋታዎችን ለኒንቴንዶ ጌምኪዩብ እንደሚሠራ ገለጸ። ከአምስቱ በይበልጥ የተናፈቀው ሬዚደንት ኢቭል 4 የተባለው ነበር፤ እርሱ በዚያ መሣሪያ ላይ ብቻ ይገኛል ተብሎ ስለተነገረም ብዙ ሰው ጌምኪዩብን በዚህ ተስፋ ገዛ። ነገር ግን ጨዋታው ገና በገበያ ሳይውል፣ በ2004 መጨረሻ ገደማ፣ ኩባንያው ያንኑ ለፕሌይስቴሽን 2 ጭምር እንደሚያወጣ አስታወቀ። በጌምኪዩብ በጥር 2005 ወጣ፤ በፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ በዚያው ዓመት በጥቅምት። ከአምስቱ ጨዋታዎች አንዱ ጭራሹን ሳይሠራ ቀረ፤ በኒንቴንዶ ዘንድ ብቻ የቀረውም አንድ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ የሽያጩን ቁጥር ማየት ይበቃል፦ ጌምኪዩብ በዕድሜው ሁሉ የተሸጠው ከ21 ሚሊዮን ጥቂት በልጦ ሲሆን፣ ፕሌይስቴሽን 2 ግን ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በራሱ ገንዘብ ዕቃ የሚሠራ ሰው ከትልቁ ገበያ ለዘለዓለም ይርቃል ብሎ መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ገንዘቡን ሌላው ሲከፍል ግን ነገሩ ይለወጣል። ባዮኔታ የተባለው ጨዋታ በ2009 በሶኒም በማይክሮሶፍትም መሣሪያ ወጥቶ ነበር። ሁለተኛውን ክፍል ለማሠራት ወጪውን የቻለው ኒንቴንዶ ስለሆነ፣ በ2014 የወጣው በእርሱ መሣሪያ ብቻ ነው፤ በኋላም የተሻገረው ወደ ራሱ ወደ ኒንቴንዶ አዲስ መሣሪያ እንጂ ወደ ተቀናቃኝ አይደለም። በአንጻሩ በ2015 በማይክሮሶፍት መሣሪያ ብቻ የወጣው አዲሱ ቱም ሬይደር፣ ማይክሮሶፍት ለጊዜው የተዋዋለበት እንጂ የራሱ ንብረት ስላልነበረ፣ ዓመት ሳይሞላው በጥቅምት 2016 በፕሌይስቴሽን ተገኘ። ሁለቱም በማስታወቂያ ላይ ብቸኛ ተብለው ነበር። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጓሜው እንዲህ መራራቁ ለገዢ ወጥመድ ነው፤ ማስታወቂያ ጸሐፊዎችም ይህን የሚያውቁ ይመስላል።

አሁን ደግሞ ክርክሩን ሁሉ ወደ አደባባይ ያወጣው የማይክሮሶፍት አካሄድ ነው። ሄይሎ የተባለው ጨዋታ በ1999 ለሕዝብ ሲታይ የታየው በአፕል ኩባንያ ጉባኤ ላይ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት በ2000 ሠሪዎቹን ገዝቶ በኅዳር 2001 ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጋር አወጣው። ኤክስቦክስን በገበያ ያቆመው ይህ ጨዋታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማይክሮሶፍት በ2002ም ሬር የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ በ375 ሚሊዮን ዶላር ከገዛ በኋላ፣ በዚህ ቤት የተሠሩት የታወቁ ጨዋታዎች ከኒንቴንዶ ተለዩ። ሃያ ዓመት ያህል ነገሩ በዚሁ ሁኔታ ኖረ።

ከዚያም መዝጊያው ተከፈተ። በየካቲት 2024 ኩባንያው አራት ጨዋታዎቹን ለተቀናቃኞቹ መሣሪያዎች እንደሚያቀርብ ገለጸ። በ2025 የመኪና እሽቅድምድሙ ፎርዛ ሆራይዘን 5 በሚያዝያ፣ ጊርስ ኦፍ ዋር ደግሞ በነሐሴ በፕሌይስቴሽን 5 ወጡ። በጥቅምት 2025ም የመጀመሪያው ሄይሎ እንደ አዲስ ተሠርቶ በ2026 በፕሌይስቴሽን ጭምር እንደሚወጣ ተነገረ። ጠላትን ለመውጋት የተሠራው ጦር ለጠላት ገበያ ቀረበ ማለት ነው።

ይህ ለምን ሆነ ቢባል፣ ነገሩ በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። በ2021 በአሜሪካ ፍርድ ቤት በተሰማ ሌላ ክርክር ላይ የማይክሮሶፍት ኃላፊ ኩባንያው በኮንሶሉ ሽያጭ ትርፍ አግኝቶ እንደማያውቅ መስክረዋል። መሣሪያው በኪሣራ የሚሸጠው ትርፉ ከጨዋታው እንዲመጣ ነው። እንግዲያስ የተሸጠው መሣሪያ ጥቂት ሲሆን ጨዋታውን በዚያ ብቻ ማሰር በራስ ላይ በር መዝጋት ይሆናል። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት በጥቅምት 2023 አክቲቪዥን ብሊዛርድን የገዛው በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣ ድርጅት ከእያንዳንዱ ገዢ ኪስ መልሶ መሰብሰብ ግድ ይለዋል። ግዢው ከመጽደቁም በፊት የአሜሪካና የእንግሊዝ መንግሥታት ብቸኝነትን ፈርተው ስለተቃወሙ፣ ኮል ኦፍ ዲውቲ የተባለውን ዋናውን ጨዋታ ለሶኒም ለኒንቴንዶም ለ10 ዓመት እንዲያቀርብ ውል ገብቷል።

ሶኒም ቢሆን እንደ ቀድሞው አልቀረም። በ2017 ለፕሌይስቴሽን ብቻ የወጣው ሆራይዘን ዜሮ ዶውን በ2020 ለኮምፒዩተር ቀረበ፤ በ2018 የወጣው ጎድ ኦፍ ዋርም በ2022 ተከተለ። ኮምፒዩተር የኮንሶል ቀጥተኛ ተቀናቃኝ አይደለም የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ የሚያስኬድ ቢሆንም መንገዱ የሚያመለክተው አንድ አቅጣጫ ነው። በ2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረቡ ሰነዶች እንደታየው፣ ዘ ላስት ኦፍ አስ ሁለተኛው ክፍል ለመሥራት የፈጀው 220 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። እንዲህ ያለ ወጪ በአንድ መሣሪያ ገዢዎች ብቻ መሸፈን ከባድ ነው። ብዙ ሰው በአንድነት በኢንተርኔት የሚጫወተው ሄልዳይቨርስ 2 ደግሞ በነሐሴ 2025 በኤክስቦክስ ላይ ወጣ። የሕዝብ ብዛት የሚፈልግ ጨዋታ እንደ ገበያ ቀን ነው፤ ሰው ካልመጣ ገበያ የለም።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ኒንቴንዶ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለፊሊፕስ በሰጠው ፈቃድ የተሠሩትን ጥቂት ጨዋታዎችና ከ2016 ወዲህ በስልክ የወጡትን ትተን፣ ዋናው ማሪዮ በሶኒም ሆነ በማይክሮሶፍት መሣሪያ ላይ እስከ 2025 ድረስ አልታየም። ኒንቴንዶ በክፉ ቀን እንኳ አላደረገውም። ዊ ዩ የተባለው መሣሪያው ከ13 ሚሊዮን ተኩል ጥቂት በልጦ ብቻ ሲሸጥ ብዙዎች እንደ ሴጋ መሣሪያውን ትቶ ጨዋታውን ለሁሉ ይሽጥ ብለው መክረውት ነበር። እርሱ ግን በ2014 ለዚያ መሣሪያ ያወጣውን ማሪዮ ካርት 8 በ2017 ወደ ራሱ ስዊች አሻገረው፤ ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይም ሸጠ። መሻገርስ ተሻግሯል፤ የተሻገረው ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል እንጂ ከቤቱ አልወጣም።

እንግዲህ አስመጪው ሊጠይቅ የሚገባው ጨዋታው ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ሳይሆን፣ ለሥራው የከፈለው ማን ነው፣ ከፋዩስ የሚኖረው መሣሪያ በመሸጥ ነው ወይስ ጨዋታ በመሸጥ ብሎ ነው። በኒንቴንዶ ጨዋታ ተማምኖ የኒንቴንዶን መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ ተማምኖበት ይውላል። በማይክሮሶፍት ጨዋታ ተማምኖ ኤክስቦክስ በብዛት የሚያከማች ግን ዕቃው ሳይራገፍለት ጨዋታው ጎረቤቱ ሱቅ ሊገባ ይችላል። ሦስተኛ ወገን የሠራው ከሆነ በወራት የሚቆጠር ዕድሜ እንዳለው አድርጎ ዋጋውን ቢያወጣ ይሻላል።

ለፕሌይስቴሽን ቤቶች ነገሩ ቀላል ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ወጣቱ በእነዚህ ቤቶች አብዝቶ የሚጫወተው እግር ኳስ ነው፤ የታወቁት የእግር ኳስ ጨዋታዎችም ከሶኒም ከማይክሮሶፍትም መሣሪያ ጋር የሚሄዱ ስለሆኑ፣ ባለቤቱ መሣሪያ የሚመርጠው ደንበኞቹ እጃቸው የለመደውን መጨበጫ አይቶ ነው። ጉዳቱ የሚብሰው በዲስክ ሻጩ ላይ ነው። ጨዋታ ወደ ሌላ መሣሪያ ሲሻገር ብዙውን ጊዜ ታድሶና ተጨምሮበት ስለሚወጣ፣ በመደርደሪያ ላይ ያለው የድሮው ዲስክ ዋጋው ይወድቃል፤ አዲሱ ደግሞ በኢንተርኔት በማውረድ የሚሸጥ ከሆነ ከትርፉ ለባለሱቁ የሚደርሰው አንድም ሳንቲም የለም። ስለዚህ በአንድ መሣሪያ ብቻ የሚገኝ ጨዋታ የያዘ ባለሱቅ ዲስኩን ለዋጋ ጭማሪ ብሎ ሳያቆይ በወጣበት ወራት ሸጦ ቢጨርሰው ይጠቀማል፤ መሣሪያውን ለአንድ ጨዋታ ብሎ ሊገዛ ለመጣ ደንበኛም ጨዋታው ከዓመት በኋላ በሌላው መሣሪያ ሊገኝ የሚችል መሆኑን ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ቢነግረው፣ ያ ደንበኛ ለሚቀጥለው ግዢ ተመልሶ ይመጣል።